ኮፈን ውስጥ ያገኘሁት በርኖስ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ የመድኃኒት ሣጥን እየጫንኩ ጋይንትና ስማዳ በምመላለስበት ጊዜ ነው። ይኸው ሸምግዬም የተቃጠለ ጠጉር በሸተተኝ ቁጥር ያ ጠዋት ትዝ ይለኛል።

መኪናዬ ያረጀች ጂፕ ነበረች። እኔም ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ የማወራውም ከእሷው ጋር ነበር።

አንድ የኅዳር ቀን ጋይንት ደጋው ላይ ሊመሽብኝ ሆነና አያ ምትኩ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አሳደሩኝ። ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ገና ብርሃን ሳለ ኮፈኑን ከፍቼ ዘይትና ውሃ ስመለከት፣ በርኖሳቸውን ደርበው አጠገቤ ቆሙ።

«በዚህ ውርጭ ይችን አይበርዳትም?» አሉኝ።

«ይበርዳታል እንጂ አባቴ። ጠዋት አልነሣም እያለች የምታስቸግረኝ ለዚያ እኮ ነው» ብዬ ቀለድኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

በማግስቱ ማልጄ ስነሣ አያ ምትኩ በስስ እጀ ጠባብ ምድጃው ሥር ኩርምት ብለዋል። አንድ ነገር ሊነግሩኝ ብድግ ሲሉ ረፍዶብኛል ብዬ ወጣሁ። እንዲህ ነበርኩ፤ ሰው ቤት አድሬ በወጉ መሰናበት ይከብደኝ ነበር። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች፣ ገረመኝ። ሽማግሌው እጃቸውን እያወዛወዙ ከኋላዬ መጡ። ስንብት መስሎኝ እኔም እጄን አውለብልቤ ነዳሁ።

ወደ አርብ ገበያ የሚወስደውን ቁልቁለት ስጀምር ፍትግ ፍትግ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ፍሬኑ ነው ብዬ ወርጄ አራቱንም ጎማ አሸተትኩ፤ የለበትም። ከሥሯ ገብቼ ፍሪሲዮኑ አካባቢ አሸተትኩ፤ እዚያም የለም። ሞተሩን ማታ ስላየሁት አልጠረጠርኩትም። ቢጮኹ የሚሰማ ሰው በሌለበት ገደል አፋፍ ላይ ነኝ። መኪናዋ ብትነድ መድኃኒቱም እንጀራዬም አብረው መሄዳቸው ነው። «አደራሽን፣ እዚህ ጥለሽኝ እንዳትቀሪ» አልኳት።

ጥቂት እንደነዳሁ ከኮፈኑ ጭስ ወጣ። ዘልዬ ወርጄ ስከፍተው ሞተሩ ጥቁር በርኖስ ተጀቡኗል። ጫፉን የሞተሩ ማራገቢያ፣ ቬንትሌተሩ፣ ተልትሎታል፣ መሀሉን የጭስ ማውጫው ቱቦ አቃጥሎታል። ጎትቼ አወጣሁትና አፈር አልብሼ አጠፋሁት።

የአያ ምትኩ በርኖስ ነበር። ለአራስ ጥጃ እንደሚያደርጉት ብርድ እንዳይመታት አልብሰዋት ነው። ያለቻቸውን አንዲት የሱፍ ባና ማታ እኔን አልብሰው፣ እሳቸው ያን ውርጭ በእጀ ጠባብ አድረውታል። እጃቸውን ያወዛወዙት አቁም ሲሉኝ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከገበያው አዲስ በርኖስ ገዝቼ ወደዚያ ለሚሄዱ አንድ ቄስ አደራ ሰጠሁ። ራሴ ያልተመለስኩት አፍሬ ነው። ብዙም ሳልቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወርኩና ይድረሳቸው አይድረሳቸው ሳላውቅ ቀረሁ።

ዛሬም የምኖረው ብቻዬን ነው። ኅዳር በገባ ቁጥር ያን ሰሞን ውርጩን በምን አሳለፉት እያልኩ እጨነቃለሁ። ለአንድ ቃል ያህል ቆሜ ብሰማቸው ኖሮ፣ በርኖሱን በእጄ መልሼ አልብሻቸው እሄድ ነበር።