ሾፌር የተባለው ወጥ ሠሪ

ሽባባው በኮሶበር አጠገብ በሰፈረው የመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነበር። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ፈረስ መግራት የሚያውቅ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ዘበኝነቱ ቢሰለቸው ከተራው ውጭ ያለውን ጊዜ በካምፑ ወጥ ቤት ማሳለፍ ጀመረ። መጀመሪያ ድንች ላጠ፣ ቀጥሎ ሽንኩርት ከተፈ። አንድ ቀን ወጥ ሠሪው ታሞ ሲቀር ለሃያ ሁለት ሰው ምሳ ሠርቶ አቀረበ። ሰዎቹ በልተው ጨረሱና ድስቱ ውስጥ የቀረ እንዳለ ጠየቁ። በዚያው ሰበብ የካምፑ ኃላፊ በ1957 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲስ አበባ ሄዶ በአንድ የምግብ ሥራ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ወር እንዲማር ላከው።

እሱ ደስ ብሎት ሄደ። ጣጣው የመጣው ከኋላው ነው። ሚስቱ ደጊቱ የጥርባው የባላምባራስ አየነው ልጅ ነች። በዚያን ጊዜ ወንድ ልጅ ጓዳ ገባ ከተባለ መሳቂያ ነውና፣ አባቷ ባልሽ ወዴት ሄደ ብለው ሲጠይቋት አፏ ላይ እንደመጣላት መኪና መንዳት ሊማር ሄደ አለቻቸው። ባላምባራስ ደስታቸውን አልቻሉትም። ሳምንት ሳይሞላ የባላምባራስ አማች ሾፌር ሊሆን ነው የሚለው ወሬ አገሩን አዳረሰው።

ሽባባው ይህን ያወቀው ደጊቱ አስጽፋ ከላከችው ደብዳቤ ነው። ሾፌር ነው ብያለሁና አደራ እንዳታጋልጠኝ ይላል። ሳቀ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ተከዘ። ግን ትምህርቱ ብዙ የሚተክዝበት ጊዜ አልሰጠውም።

አስተማሪዋ ወይዘሮ እህተማርያም በሆቴል ሥራ ያረጁ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ የሚያስፈሩ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሽንኩርት ሲከትፍ አይተው እንጨት እየፈለጠ እንደሆነ ጠየቁት። ከዚያ ጣቱን አጥፎ ቢላዋ መያዝ እስኪለምድ ድረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽንኩርት ብቻ አስከተፉት። በዓይኑ መጥኖ ጨው መጨመር የለመደው ሰውዬ በሚዛንና በስኒ መለካት ተማረ። የሠራውን ሁሉ በደብተር ጻፈ። የወጥ ሠሪ ነጭ ባርኔጣው ቁመቱን ስለሚጨምርበት በበሩ ባለፈ ቁጥር እየተነካ ይወድቅ ነበር።

ትልቁ ፈተና ጾም ነበር። ረቡዕና ዓርብም ወተትና እንቁላል ያለበት ምግብ ይሠራል፤ ሽባባው ግን አይቀምስም። ወይዘሮ እህተማርያም ሳይቀምስ የሚሠራ ወጥ ሠሪ ሳያይ እንደሚጽፍ ጸሐፊ ነው አሉት። እሱ ከደሴ ከመጣ ሙስሊም ጓደኛው ጋር ተስማማ። ረቡዕና ዓርብ ጓደኛው ይቀምስለታል፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ በቀሩት ቀናት ሽባባው ለጓደኛው ይቀምሳል። አስተማሪዋ ነገሩን ሲያውቁ ይቆጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሁለቱን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ምድጃ ላይ መደቧቸው። ሽባባው ትምህርቱን በሁለተኛነት ጨረሰ።

ሐምሌ ላይ ተመልሶ ከደጊቱ ጋር ወደ ጥርባ ወረደ። ባላምባራስ ጠጅ አስጥለው ጠበቁት፤ ጎረቤት ተጠራ። ሽባባው ስለ መኪና በተጠየቀ ቁጥር ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞራል። በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጤፍ የጫነና አሥራ አራት ሰው ያሳፈረ ካሚዮን ከቤቱ በታች መንገዱ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ባላምባራስ ማንም ሳይጠይቃቸው ወርደው ለሾፌሩ ለውብአየሁ፣ አይዞህ፣ የልጄ ባል መጥቶ ያየዋል አሉት።

ሽባባው ተጠርቶ መጣ። ሰው ሁሉ እጁን እጁን ያያል። ደጊቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ለማስመሰል እንኳ ሞተሩ የት እንዳለ አያውቅም።

«ባላምባራስ፣ እኔ መኪና ነድቼ አላውቅም፤ የተማርኩት ምግብ መሥራት ነው» አለ።

ባላምባራስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እሷም እኔ ነኝ የዋሸሁት አለች። እሳቸው ሲቆጡ አገውኛ ይቀናቸዋልና ረጅም ነገር በአገውኛ ተናገሩ፤ ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ከምኑም የሌለበት ውብአየሁ ነው ነገሩን ያበረደው። መኪናውን እሱ ራሱ እንደሚጠግነው፣ ነገር ግን ተሳፋሪዎቹ ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ነገራቸው።

እንግዳ ተርቦ በደጃቸው ሊያልፍ ነው። ባላምባራስ ይህን አይወዱም፤ በግ ይታረድ አሉ። ሽባባው እጅጌውን ሰብስቦ ወደ አማቱ ጓዳ ገባ። አማቱ እናትነሽ ደንግጠው ብድግ አሉ፤ እሱ ግን ድንቹን እንዲያቀብሉት በትሕትና ለመናቸው። ድንቹን በሽንኩርትና በቅቤ ቀቅሎ፣ አድቅቆ፣ በወተት አቅጥኖ ሾርባ አደረገው። በጉን በስሱ ከትፎ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል ጠበሰው። ቢላዋው ሲሮጥ ለማየት ሴቶቹ በሩ ላይ ተጨናነቁ። ተሳፋሪዎቹ ብርድ ላይ ስለቆዩ ሾርባውን ሲጠጡ ፊታቸው ተፈታ። አንዲት የዳንግላ ነጋዴ አሠራሩን ካልነገርከኝ መኪናው ላይ አልወጣም አለችው።

ባላምባራስ ራቅ ብለው ቆመው ነበር። በመጨረሻ ለእሳቸውም ይቀዳላቸው ዘንድ ጠየቁ። ቆመው ጠጡ፤ ተቀምጠው ደገሙ። ሳህኑን ከመለሱ በኋላ ሽባባውን አዩት።

«ዘጠኝ ወር ለዚህ ከሆነ አልበዛም» አሉ።

ከደጊቱ ጋር ግን እስከ ቡሄ ድረስ በቅጡ አልተነጋገሩም። ቡሄ ዕለት ዳቦ ይዛ ስትመጣ ስቀው ተቀበሏት።

ሽባባው ካምፑ እስኪነሣ ድረስ እዚያው ሠራ፤ ከዚያ ዳንግላ ላይ ምግብ ቤት ከፈተ። አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው ቀድሞ የሚገባው እሱ ዘንድ ነበር። ባላምባራስ ለገበያ በመጡ ቁጥር ከበሩ ፊት ለፊት ይቀመጡና የማያውቁትን መንገደኛ ሁሉ እየጠሩ ያስገቡ ነበር። ደጊቱ ጠላውንና ዳቦውን ያዘች፤ ሾርባ የሚባለው ነገር ግን የታመመ ሰው ምግብ ነው እንዳለች አንድም ቀን ሳትቀምሰው ኖረች።