ደህና ሞተር የማይፈታው ወንደሰን

የወሰን ሰፈር መካኒኮች ሁሉ እንደ ጋሽ ወንደሰን ቢሆኑ ግማሹ ጋራዥ በተዘጋ ነበር። ዕድሜው ስድሳ ዘጠኝ ነው፤ አርባውን ከመኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ አሳልፎታል። ደንበኛ መጥቶ «ለማንኛውም ሞተሩን ፍታልኝ» ሲለው፣ ዘይት የጠጣ እጁን እየጠረገ ይጠይቃል፦ «ያጨሳል? ይንቀጠቀጣል? ድምፅ አለው?» የለውም ካሉት ቁልፉን መልሶ ይሰጣል። «ደህና ሞተር የሚፈታ፣ ወይ ሌባ ነው ወይ ሥራ ፈት!»

እንዲህ ያለው ሰው በገዛ ሽንቱ ተሸነፈ።

ነገሩ በፋሲካ ጀመረ። ልጁ ሥርጉት፣ በግ ምን ያደርጋል ብላ «ሙሉ ምርመራ» ጋበዘችው። ፍቅር በሽንት ብልቃጥ የሚገለጽበት ዘመን ነው። ሰውዬው ምንም ሳያመው ገብቶ «ባክቴሪያ» የሚል ወረቀት ይዞ ወጣ። ወረቀት ከተያዘ ደግሞ መድኃኒት ይከተላል፤ እኛ ባዶ እጃችንን የሰደደንን ሐኪም «አላወቀውም» እንላለን፣ ሦስት ዓይነት ያዘዘውን ሊቅ እናደርገዋለን።

ዋጠ። በሳምንቱ የተረከዙ ጅማት ያዘው፤ ሁለት ወር አነከሰ። በየወሩ መባቻ እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ እንጦጦ ራጉኤልን የሚሳለም ሰው፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረ።

ነሐሴ ላይ ሥርጉት ደግማ አስመረመረችው። ባክቴሪያው እዚያው ነው፤ የሰውዬው ተረከዝ እንጂ እሱ አልተነካም።

«አልጠፋም እኮ፣ አባዬ! ጠንከር ያለ ይታዘዝልህ።»

የመስከረም አንዱ ንግሥ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጋሽ ወንደሰን ወረቀቱን አጣጥፎ ጤና ጣቢያ ወደምትሠራው ወደ ዶርቃ ሄደ። ዶርቃ ጤና መኮንን ናት፤ አሮጌ ቪትዝ መኪናዋን ይዛለት ሄዳ ሞተሩን ሳይፈታ የመለሰላት ደንበኛው።

«ዶርቃዬ፣ ጠንካራውን ጻፊልኝ። ብቻ ተረከዜን እንዳይነካ።»

«ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?»

«አያቃጥለኝም።»

«ትኩሳት? ጎንዎን ያምዎታል? ያጣድፍዎታል?»

«ኧረ ደህና ነኝ!»

«የሽንት ቧንቧ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ አለዎት?»

«የምን ቀዶ ጥገና?»

«እርጉዝም አይመስሉኝም።»

«አንቺ ልጅ! አባትሽ እሆናለሁ!»

«አልቀለድኩም፣ ጋሽ ወንደሰን። ሳያማቸው ለዚህ ባክቴሪያ የምናክማቸው በአብዛኛው እርጉዝንና ቀዶ ጥገና የሚጠብቅን ነው። በእርስዎ ዕድሜ ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ አርፎ ይቀመጣል፤ ቢያባርሩትም ይመለሳል። መድኃኒቱ ግን ጅማትዎን ይጎዳል። ባክቴሪያውም ይለምደዋል፤ የምር የታመሙ ቀን የሚሠራ መድኃኒት እናጣለን።»

«ታዲያ ባዶ እጄን ልመለስ?»

«ቪትዜን ሳይፈቱ የመለሱልኝ ቀን ምን ይዤ ሄድኩ?»

ጋሽ ወንደሰን ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። ለሰው ሞተር ያላጣውን እምነት ለገዛ ሥጋው ለምን ነፈገው? ሞተር ወረቀት አይሰጥም፤ ጆሮ ሰጥቶ ሰምቶ ይፈርድበታል። ራሱን ግን አንድም ቀን አላዳመጠም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲያይ፣ ደህና ነኝ የሚለውን ገላውን ውሸታም አደረገው። በዚህ ብቻውን አይደለም፤ አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው።

«ካቃጠለዎት፣ ካተኮሰዎት ወይም ደም ካዩ ግን የዚያኑ ቀን ይምጡ» አለችው ዶርቃ። «ያኔ እንፈታዋለን።»

ቤት ሲደርስ ሥርጉት በር ላይ ጠበቀችው። «ምን ሰጡህ?»

«ምንም።»

«ምንም? ባክቴሪያውን ይዘህ?»

«ይዤው ራጉኤል ልወጣ ነው።»

በንግሡ ዕለት ማለዳ ሥርጉት አላምን ብላ ተከተለችው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ጭቃው ያንሸራትታል። አባት በዝግታ፣ ግን ሳያነክስ ይወጣል፤ ባክቴሪያዎቹም አብረውት ይሳለማሉ። ባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ዞር ቢል ልጁ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«እግርህስ?» አለችው እያለከለከች።

ተመልሶ ወረደና ቦርሳዋን ተቀበላት።

«እግሬ ደህና ነው። የሚያጨሰው ያንቺ ሞተር ነው።»