ጋሼ መኳንንት እግራቸውን የታጠቡበት ቤት

የቆርቆሮውን ቱቦ ክዳን ስከፍት ቀድሞ የወጣው ካርታው ሳይሆን ሽታው ነው፤ ድሮ ካርታ ይባዛበት የነበረው የአሞኒያ ሽታ፣ ከስንት ዓመት በኋላም ወረቀቱን ያልለቀቀ፣ ጠዋት የበረት በር ሲከፈት እንደሚመጣው አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ያዞር ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ሳብኩት፤ የልጅነቴ ሽታ ነውና። ካርታውን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ማዕዘኖቹን በመጽሐፍና በጫማ ጫንኳቸው፤ ለማየት ግን ድፍረቱ አልመጣልኝም።

ጋሼ መኳንንት ጎረቤታችን ናቸው። አዲስ አበባ ፀጉራቸው እስኪሸብት ካርታ ሲሠሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸውም የጂኦግራፊ መጻሕፍትን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ንፋስ መውጫ ተመለሱና እኔን ካሳደገችኝ ከአባቴ እህት፣ ከአክስቴ ቤት አጠገብ ግቢያቸውን አጠሩ። አጥሩ ወደ እኛ አንድ እርምጃ ያህል ገባ ስላለ፣ አክስቴ ጎመኗን እየኮተኮተች፣ “አንቱ ሰው፣ አገሩን ሁሉ ለክተው የራስዎ አጥር ጠፋብዎት?” ትላቸዋለች። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንስተው፣ “እሱ ስህተት አይደለም እመቤቴ፣ ወረራ ነው” ይሏታል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ የምገባው እሳቸው ጋ ነበር። ጠረጴዛቸው በሩን የሚያህል ሰፊ ሆኖ፣ በላዩ የተቀረጹ እርሳሶች፣ ማጉያ መነጽርና አንድ ሁልጊዜ የሚረሳ የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥበታል። ጡረታ ወጥተውም መተርጎም አልተውም፤ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አማርኛ ፍለጋ ዓርብ ዓርብ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ይወርዱና ገበሬውን ሁሉ፣ “ይህን ዓይነት ቦታ እናንተ ምን ትሉታላችሁ?” እያሉ ይጠይቃሉ። መሬቱን ሊለኩበት የመጡ የመሰለው ገበሬ አህያውን እየነዳ ይሸሻቸዋል። ከተለያየ አቅጣጫ የመጡና የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ካልነገሯቸው አይጽፉም። አፋፍ፣ ሸንተረር፣ ረባዳ የሚሉትን ቃላት እንዲህ እየለቀሙ ሲመጡ ነው የተማርኳቸው። “የካርታ ውሸት ሰው ገደል ይከታል፣ ልጄ” ይሉኝ ነበር እርሳሳቸውን እየቀረጹ።

እናቴ የሞተችው እኔ መቆም ሳልጀምር ነው። የስማዳ ልጅ ነበረች፣ ከወገዳ ከተማ ቁልቁል ወደ ገደሉ ከሚወርድ መንደር። አንድም ፎቶ የላትም። አባቴ እስቴ ያስተምር ስለነበር በወር አንድ ጊዜ ደብተርና ስኳር ይዞልኝ ይመጣል፤ ስለ እሷ ስጠይቀው ግን ጎንበስ ብሎ የታሰረ የጫማ ክሩን እንደገና ማሰር ይጀምራል። አክስቴ ያየቻት በሠርጉ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም ተሸፋፍና። የእናቴ ወገኖች ደግሞ አያቴ ከሞተች በኋላ ኑሮ ፍለጋ ወደ መተማ ቆላ ተበታትነዋል።

አንድ ቀን፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጋሼን ስማዳን ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከቱቦው ይህንኑ ካርታ አውጥተው ዘረጉና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። ካርታውን ለመሥራት ሲዞሩ በክረምት፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲውጥ፣ እዚህ አፋፍ ላይ መሸባቸው። ብቻዋን የቆመች፣ ደጇ ትልቅ ዛፍ ያለባት ጎጆ አዩና፣ “የመሸበት እንግዳ!” ብለው ተጣሩ። አንዲት ሴት አስገባቻቸው፤ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አቀረበች፣ ትንሿን ልጇንም እግራቸውን እንድታጥብ ጠራቻት። ልጅቷ ከማፈሯ የተነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በቅል ስታፈስ፣ ውሃው እግራቸውን ስቶ ሱሪያቸው ላይ ሄደ። ቤቱ ሲስቅ ቅሏን ጥላ ጎተራ ሥር ተደበቀች። “ያቺ ናት እናትሽ” አሉኝ። “ልክ እንዳንቺው ዓይናፋር።”

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳስነገርኳቸው አላውቅም። ባስነገርኳቸው ቁጥር አንድ ነገር ይጨመርበታል፦ የቅሏ አፍ መሰንጠቁ፣ የአያቴ ሳቅ፣ ዝናቡ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ አፌ ተሳስሮ ልጆቹ “ድዳዋ!” ሲሉኝ፣ በልቤ ከጎተራው ሥር ገብቼ ከእናቴ ጎን እቀመጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጂኦግራፊ የመረጥኩትም በዚያች ጎጆ ምክንያት ነው።

ባለፈው እሑድ፣ ለረጅም ዘመን ሥራቸው ምስጋና በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ዝግጅት ሲደረግላቸው፣ የሰፈሩን ልጆች ወክዬ እንድናገር ተጠየቅኩ። እምቢ ማለት ነበር የማውቀው፤ ለእሳቸው ግን እሺ አልኩ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ሁለቱም ገጽ ስለዚያ እግር መታጠብ ነበር። በመስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት።

የሽልማት ጋቢ ከተደረበላቸው በኋላ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሽማግሌ የቀድሞ ባልደረባቸው ከእኔ ቀድመው ለንግግር ተነሱ። “ይህን ሰው እንዳታምኑት!” ብለው ጀመሩ። “እኛ በጠራራ ፀሐይ ስንንከራተት እሱ ጥላ ሥር! ገደል ስለሚፈራ አንድ ቀን እንኳ መስክ አልወጣም። ስማዳን ከአውሮፕላን በተነሳ ፎቶ፣ በማጉያ መነጽር፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ነው የሣላት። ይባስ ብሎ ከሁላችንም ካርታ የእሱ በለጠ!”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋሼ መኳንንትም ከሁሉ በላይ ሳቁ። “እውነቱን ነው” አሉ ከመቀመጫቸው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “እስከ ዛሬ ወገዳን አልረገጥኳትም።”

ከዚያ የእኔ ስም ተጠራ። ሁለቱን ገጾች እጄ ውስጥ አጣጥፌ፣ “ጋሼ፣ እናመሰግናለን፤ ዕድሜ ይስጥልን” ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ አፍራ ነው ብሎ አጨበጨበልኝ።

ሲበተን በር ላይ ጠበቁኝ። ቱቦውን ይዘዋል።

“ምነው፣ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ አላልሽኝም?”

“ጋሼ፣ እናቴ እግርዎን አጥባለች?”

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ጋቢያቸውን ሳያስፈልግ አስተካከሉ።

“ቤቱ አለ” አሉ። “በፎቶው አይቼዋለሁ። ዛፉንም በጥላው ነው ያወቅኩት።”

“ልጅቷስ?”

“ከዚያ ከፍታ ሰው አይታይም፣ ልጄ።” ቱቦውን እጄ ላይ አኖሩት። “ስትጠይቂኝ ዓይንሽ... ባዶ እጅሽን መልሼ ልስደድሽ?”

ቱቦውን ይዤ ሄድኩ፤ የከፈትኩትም ዛሬ ነው። ደግነት እንደሆነ ይገባኛል፤ መግባቱ ግን አላቀለለኝም። ለአንድ ቃል ሦስት ሰው የሚጠይቁ ሰው፣ ለእናቴ ማንንም አልጠየቁም። ለመጽሐፋቸው የነሱትን ውሸት ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ርስት ይዤው ኖርኩ። እናቴን በሕፃንነቴ አጥቻታለሁ፣ ያኔ ግን አላወቅኩም። እሑድ ዕለት፣ ጭብጨባ መሐል፣ እያወቅኩ አጣኋት። ዓይናፋርነቴን ከማን እንዳመጣሁት እንኳ አሁን አላውቅም።

ይህን እያሰብኩ፣ እሑድ ዝግጅቱ ላይ ያልነበረችው አክስቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ሽታው አሳስሏት፣ “ይህን ነገር ወደ ደጅ አታወጪውም?” አለችና አልጋው ላይ ጎንበስ አለች። “ኧረ አሳዪኝ እስቲ፣ የትኛው ነው ያ ጋሼ እግራቸውን የታጠቡበት ቤት?”

ጣቴ መንገዱን ከልጅነት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ከወገዳ ቁልቁል ወርዶ አፋፉ ላይ ቆመ። አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ከጎኗ የዛፍ ምልክት።

“ይኸው” አልኳት።

አክስቴ ዓይኗን አጥብባ አየች። “እሰይ! እናትሽስ ታዲያ የቱ ጋ ናት?” አለች እየሳቀች።

“ከዚህ ከፍታ ሰው አይታይም” አልኳትና ካርታውን መጠቅለል ጀመርኩ።