የበረዶው ዘመቻ

አጥናፉ የቀበሌ ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት አሰበ ተፈሪ ገበያ ጥግ ያረጀ ኮት እየገለበጠ አዲስ በማስመሰል የታወቀ ልብስ ሰፊ ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ ራሱንም እንዲሁ ገለበጠ።

በ1975 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ ሽማግሌዎቹ እንኳ አይተነው አናውቅም ያሉት በረዶ ወረደ። ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው መደማመጥ አቃታቸው። ሲያባራ ሰፈሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ነጭ ሆኖ ነበር። የየጓሮው ጫት ቅጠሉ ረግፎ እንጨቱ ብቻ ቀረ። ከቀትር በኋላ መርቅኖ ዓለምን ሲያስተካክል ይውል የነበረው ወንድ ሁሉ ደጅ ወጥቶ እያዛጋ ተፋጠጠ።

አጥናፉን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነው። በማግስቱ ከአውራጃ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ጥሩምባ አስነፋና ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ እንዲወጣ፣ በረዶውንም ጎብኚዎቹ እንዲያዩት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንዲከምር አዘዘ። ያልታየ ሥራ እንዳልተሠራ ነው ባይ ነው።

ጫት ሻጯ ሙሚና አካፋዋን ተደግፋ፣ “ጓድ ሊቀመንበር፣ ነገ ፀሐይ ትወስደው የለም ወይ?” አለችው።

“ፀሐይ በዘመቻው ዕቅድ ውስጥ የለችም” አላት ኮስተር ብሎ።

“እሷ እንደሆነ ጥሩምባ አትጠብቅም። ወላሂ ትመጣለች።”

ሲመሽ ክምሩ የመስኮቱን ቁመት አልፎ ነበር። በማግስቱ ፀሐይዋ ወጣች። ጽሕፈት ቤቱ ተዳፋቱ ሥር ስለነበር ውሃው በበሩ ገብቶ ለነዋሪው ሊታደል የተቀመጠውን ስድስት ጆንያ ስኳር እያሟሟ ይዞት ሄደ። ሰው ባልዲ ይዞ ሲራወጥ ጎብኚዎቹ ከች አሉ።

“ይህ ምንድን ነው?” አለ መሪያቸው።

አጥናፉን ላብ አጠመቀው። “የጎርፍ መከላከል ዘመቻ ነው፣ ጓድ።”

ሰውየው በአድናቆት ራሱን ነቅንቆ ማስታወሻ ያዘ። በወሩ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ወረቀት መጣ። አጥናፉ ሰፈሩን ሰብስቦ ሲያነበው ሰዉ አጨበጨበ፤ ጭብጨባን እንደ ጫቱ በረዶ አይመታውም።

ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ፈለቀች ሻይ ቀዳችለት። ፉት ብሎ ፊቱን አጨማደደ።

“ስኳሩስ?”

“ለቀበሌው ሊቀመንበር አመልክት” አለችው፣ ከምትለቅመው ምስር ቀና ሳትል።

ጨለጠው። ምን ያድርግ።