ሽታ የሌለው ዘይት

ማሳጅ ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ጥሩ መዓዛ ያለውን ዘይት ይመርጣል። ያን ቀን የመጣችው ሴት ግን ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አሽትታ መለሰችና፣ «ሽታ የሌለው ይሁንልኝ፤ ቤት ስገባ እንዳይታወቅብኝ» አለችኝ። ጫማዋን አውልቃ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ አስቀመጠች። ስልኳን ትራሱ ሥር ከተተች።

ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሏል፤ ስነካው ድንጋይ ነው።

«ምን ተሸክመሽ ነው እህቴ?» አልኳት።

«ባሌን!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ኮሪደሩ ላይ የወንድ ኮቴ ሲሰማ ግን ሳቋ ተቆረጠ፤ ኮቴው እስኪያልፍ ድረስ ጀርባዋ ከእጄ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰውነት ቀስ እያለ እጅን ያምናል። የእሷም ትከሻ ወረደ፣ ትንፋሿ ረጋ፣ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ወሰዳት። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ቤቷ የምታገኝ አልመሰለኝም። ሰዓቷ ሲሞላ መቀስቀሱ አሳዘነኝ። መቼም ሥራ ነው፤ ሌላ ደንበኛ ይጠብቃል። ክንዷን ነካ አደረግኋት።

በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ተኮማተረች።

«እቤት ነበርኩ! የትም አልወጣሁም!» አለች።

ገና አልነቃችም ነበር።