የበረዶ መነጽር ልገዛ ወጥቼ

ልጄ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ከእኔ ጎን መሄድ አቆመች። ተጣልተን አይደለም። ሆላንድ፣ ስኪልደርስዋይክ የሚባል ሰፈር ካለው ቤታችን አብረን እንወጣለን፤ የትራሙ ፌርማታ ሲቀርብ እሷ ስልኳን እያየች ቀደም ትላለች፣ እኔ ከኋላ እንደ ጓዝ እከተላለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ሌላ ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ጥፋቴን አላጣሁትም። ትራም ውስጥ ስልክ ሳወራ ሹፌሩ ሳይቀር የቤተሰቤን ጉዳይ ይሰማል። ቦርሳዬ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም፤ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ዝገኑ እላለሁ።

እንግዲህ ሮተርዳም ትልቁ የገበያ አዳራሽ በተከፈተበት ሰሞን ነው፣ ብርዱ ገብቷል። አንድ ማታ ወጥ ቤት መጥታ ማቀዝቀዣውን ከፈተችና፣ ፊቷን ወደ ወተቱ እንዳዞረች፣ ቅዳሜ ስኖውቦርድ ትመጪ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ እሺ አልኳት። ስኖውቦርድ ምን እንደሆነ ያወቅሁት እሺ ካልኩ በኋላ ነው። ለካ ሁለት እግርን አንድ ሳንቃ ላይ አስሮ በረዶ ላይ ቁልቁል መንሸራተት ኖሯል። ሆላንድ ተራራ የላትም፤ ሰዎቹ ግን ምን ይሳናቸዋል፣ መጋዘን የሚያህል አዳራሽ ሠርተው ውስጡ ዳገት አቁመው በረዶ አልብሰውታል። የጓደኞቿ እናቶችም ይመጣሉ አለችኝ። ሳንቃውንና ጫማውን እዚያው ያከራያሉ፤ የዓይን መከለያውን መነጽር ግን ሰው ይዞ ነው የሚሄደው።

ችግሩ እኔ ቀድሞም ባለ መነጽር ነኝ። ካወለቅሁት የትራሙን ቁጥር ቀርቶ ትራሙን ከአውቶቡስ አልለየውም። ቢሆንም ስለ ዓይኔ የጠየቅሁት የመነጽር ባለሙያ አይደለም፤ አምስተርዳም፣ ቢልመር የምትኖር አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህታችንን ነው። እሷ በረዶ ላይ ቆማ አታውቅም፣ የማታውቀው ነገር ግን የለም። በረዶ ዓይን እንደሚያጠፋና ከሁሉ የጠቆረውን መግዛት እንዳለብኝ ነገረችኝ፣ እኔም እንደ ቃለ እግዚአብሔር ተቀበልኳት።

ሱቆቹ አምሽተው በሚዘጉበት አርብ፣ ከልጄ ጋር በሜትሮ ሮተርዳም ወረድን። የስፖርት ሱቁ አንደኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መነጽር ነው። ሻጩ ጢሙን በጥንቃቄ ያሳደገ ረጅም ወጣት ነበር። በተማርኩት ደችኛ በኩራት፣ ከሁሉ የጠቆረውን አልኩት። የት ልሄድ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ልጄ ነገረችው። እሱም በትሕትና፣ ጣሪያ ሥር ፀሐይ እንደሌለች፣ ለአዳራሽ ፈዛዛ መስታወት እንደሚሻል አስረዳኝ። እኔ ግን ጥቁሩን አጥልቄው ነበርና ወደ መስታወት ልሄድ ስል አንዱን ሰው ትከሻውን ገጨሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም ሲለኝ ደግሜ ጠየቅሁት። ልብስ ማሳያ የፕላስቲክ ሰው ነበር። ልጄ የጫማዋን ክር ታስር ጀመር፤ ጫማዋ ክር እንደሌለው አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሻጩ ልጅ ሳጥን ሲከፍት፣ እኔ ስለካ ቆየን። ወርቃማ መስታወት ያለው አንዱ በጣም አማረኝ፤ ከመነጽሬ በላይ ሳጠልቀው ግን የመነጽሬ እጀታ ጆሮ ግንዴን ወጋኝ። መነጽሬን አውልቄ ሳጠልቀው ደግሞ አማረብኝም አላማረብኝም ለማየት የሚሆን ዓይን አልነበረኝም። ልጁ በመጨረሻ፣ ከመነጽር በላይ እንዲጠለቅ ተብሎ የተሠራ ሰፊ ዓይነት እንዳለ፣ ግን ፎቅ ላይ ዕቃ ቤት ውስጥ መሆኑን ነገረኝና ላምጣልሽ ወይ አለ።

የፈለግሁት እሱን ነበር። ነገር ግን ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ ሲንበረከክልኝ ቆይቷል፣ ሳጥኖቹ ዙሪያውን ተበትነዋል። አፌ ከእኔ ቀድሞ፣

«አይ፣ አይ፣ አትቸገር» አለ።

የሚቀጥለውን እናንተ ታውቁታላችሁ። እሱ ምን ችግር አለው ይላል፣ እኔ ተው በሞቴ እላለሁ፣ እሱ ደረጃውን እየሮጠ ይወጣል። ይሄኛው «ኦኬ» አለና ሳጥኖቹን ይሰበስብ ጀመር። ፈገግ ብዬ ጠበቅሁት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ወደ ደረጃው በኩል ሁሉ አየሁለት። ሌላ የምትፈልጊው አለ ወይ ሲለኝ፣ ሁሉም ቆንጆ ነው ብዬ አመስግኜው ባዶ እጄን ወጣሁ። ስንት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ!

ልጄ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«እማ፣ ለምን አልፈልግም አልሽው?»

«አልፈልግም መቼ አልኩ?»

«አይ አልሽ'ኮ። ሰምቼሻለሁ።»

የመጀመሪያው አይ ለአክብሮት እንደሆነ፣ ሁለተኛው ለይሉኝታ፣ ሰው አጥብቆ ሲለምን ብቻ እሺ እንደሚባል አስረዳኋት። ሳስረዳ ለራሴም ነገሩ የጤና አልመስል አለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እኔ ነይ ስልሽ ወዲያው እሺ አልሽኝ» አለች። «መምጣት ስላልፈለግሽ ነው?»

«ኧረ የኔ ልጅ…»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው። እኔ አንዴ ነው የምጠይቀው።»

ልምልላት ቃጥቶኝ ነበር። ሰው ቤት ርቦኝ ጠግቤያለሁ እያልኩ ስምል ስንቴ አይታኛለች። መሐላዬ በቤታችን ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዞርኩና ተመልሼ ገባሁ።

ልጁ ሳጥኖቹን ደርድሮ ጨርሶ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ፎቅ ላይ ያለውን መነጽር እፈልገዋለሁ፣ እባክህ አምጣልኝ አልኩት። ይህችን ታህል ነገር ናት። ፊቴ ግን ከሰው ሳህን ሥጋ ያነሳሁ ያህል ጋለ። እሱ ምንም አልመሰለውም፤ ወጣ፣ አመጣ። ያን ያህል የራራሁለት ሰው ቅንጣት አልተቸገረም።

መነጽሩ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ብረት የሚበይዱ ሰዎች የሚያጠልቁትን የሚመስል ነው። ከመነጽሬ በላይ ግን ሳይነካው ቁጭ አለ። መስታወት ውስጥ ራሴን አየሁ፣ በጥራት ማየቴ ጎዳኝ። ልጄ አጠገቤ መጥታ ከግራም ከቀኝም ተመለከተችኝ።

«ዝንብ ትመስያለሽ» አለች።

«እንግዲህ ከዝንብ እናትሽ ጋር ነው የምትሄጂው።»

ቅዳሜ ዕለት ቆሜም ወደቅሁ፣ ተቀምጬም ወደቅሁ። መዋዕለ ሕፃናት የጀመሩ የማይመስሉ ልጆች በጎኔ እየበረሩ አለፉ። አስተማሪው እንደ ምንም ትንሿ ዳገት ላይ አወጣኝ። ከዚያ ላይ ሆኜ ታች ያለውን ሁሉ አያለሁ፤ እናቶቹን፣ የልጄን ጓደኞች፣ መካከላቸው እሷን። ወደ እኔ ጠቁማ አንድ ነገር አለቻቸው። ከከንፈሯ «ማይን ሙደር»፣ እናቴ፣ የሚለውን ለየሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን አላወቅሁም። ምናልባት ይቅርታ አድርጉላት ብላ ይሆናል። እኔ ግን ደስታው አላስቻለኝምና እጄን አንስቼ ላውለበልብላት ስል ሳንቃው ጥሎኝ ሄደ፣ ማለትም ይዞኝ ሄደ። በእናቶቹ ፊት በቂጤ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የኢየሱስን ስም በአማርኛ እየጠራሁ አልፌ ከታች የተዘረጋው መረብ ውስጥ ገባሁ።

ሮጣ የመጣችው እሷ ነች። ሳንቃውን ከእግሬ ፈታችና በብብቴ ይዛ አነሳችኝ። ወደ ዳገቱ መመለስ ነበረብን። በዚያ ከባድ ጫማ በረዶ ላይ ብቻዬን መራመድ ስለማልችል እጄን ይዛ ከጎኔ መሄድ ግድ ሆነባት። እኔም መራመዱን ቶሎ አልተማርኩላትም።