ቀለሙ ሲለቅ

ሳቢያን ሰፈር በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ አንዲት ሴት ከባሏ ጋር ተቀምጣለች። ሲስተሯ፣ «የጥፍርሽን ቀለም አስለቅቂው፤ ሐኪሙ የጥፍሩን መልክ ማየት ይፈልጋል» ብላት ሄደች። ባልየው ሽርጡን ሰብስቦ እግሯ ሥር ቁጢጥ አለና ሲስተሯ የተወችለትን ጥጥ ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ውስጥ እየነከረ ከእጇ ጥፍሮች ላይ ቀዩን ቀለም ይጠርግላት ጀመር።

«አቦ ቀስ በል! ልትነቅለው ነው እንዴ?» አለች እየሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ትንፋሽ አጠራት።

«አትናገሪ፣ ይደክምሻል» አለና ጣቷን እፍ አለላት።

ከቀለሙ ሥር የወጣው ጥፍር ሰማያዊ ነበር፤ የጣቶቿም ጫፍ አብጧል። ባልየው ሲያየው እጁ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ጣቷን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ሳመው።

ቀናሁ። በታመመ ሰው መቅናት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ ከቤቴ ብቻዬን ነው የመጣሁት፤ ስመለስም የሚጠብቀኝ የለም።

ሴትየዋ ለካ የእኔን እጅ ስታይ ኖሯል።

«ጥፍርሽ ሲያምር! ያለ ቀለም እንዲህ ሮዝ ነው?» አለችኝ። «ወላሂ ቀናሁብሽ።»

«እኔም ቀንቼብሻለሁ» አልኳት።

«በዚህ?» ብላ ሰማያዊ ጣቶቿን ዘርግታ ሳቀች።

ባሏ፣ «ገና አንድ ጣት ይቀረናል» ብሎ እጇን መልሶ ያዘ።